እርማት፦ ደብል ብሬስት ለረጅም ሰው ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ በጥር ባሕር ዳር ላይ ለሚያገባው ሙሽራ ስለ ደብል ብሬስት (ፊቱ ተደራርቦ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው ኮት) ሲጠይቅ «አጭር ከሆንክ ደብል ብሬስት አትልበስ፣ ያሳጥርሃል» ብለህ የመለስክለት ስህተት ነው። ብዙ ሰው ይለዋል፣ አውቃለሁ። የሚያሳጥረው ግን ልክ ያልሆነ ኮት ነው። የዊንድሰሩ መስፍን፣ የቀድሞው የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ፣ ቁመቱ 1.70 ሜትር ገደማ ነበር፤ ደብል ብሬስት ሲነሳ ግን እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል።

ኮቱ ከመቀመጫ በታች አይውረድ። ትከሻው ልክ ይሁን። ሁለቱ የቁልፍ ረድፎች በጣም ከተራራቁ ደረትን ያሰፋሉ፣ ስለዚህ ልብስ ሰፊው ጋ ስትለካ መጀመሪያ እሱን እይ፤ ወደ ላይ የሾለው ኮሌታ ደግሞ ዓይንን ሽቅብ ስለሚስብ ለአጭር ሰው እንዲያውም ይጠቅማል። የታችኛውን ቁልፍ ሳትቆልፍ ተወው፣ ከኮቱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ግን ቆልፍ፣ አለዚያ ኮቱ ይንጋደዳል።

እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ የባሕር ዳር ሙቀት ነው። ደረት ላይ ጨርቁ ይደረባል። ቀን ጣና ዳር ፎቶ የሚነሳ ሰው ቀጭን ሱፍ ወይም ሊነን ይምረጥ፣ ገበሩም ግማሽ ይሁን። ለማታው እራት ጥቁር ሰማያዊ፣ ለቢሮ ግራጫ ያምራል። ለሽርሽር ደግሞ ያለ ከረባት፣ በቃ።