ሃምሳ አምስት ኢንች፣ ከጥግ ጥግ

ቴሌቪዥን ሱቅ ውስጥ የሚኖር አንድ በቀቀን አለ። ቦሌ ሂዱ፣ መርካቶ ሂዱ፣ መገናኛ ሂዱ፣ እሱው ነው። ቀይ ክንፉን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ይበራል። እሱ ሲያልፍ ብርቱካን ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ፍንጣሪው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከዚያ ሰው ደርሶበት የማያውቅ የበረዶ ተራራ ይመጣል። ሻጩ ፍላሿን ጠዋት ይሰካታል፣ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ይነቅላታል። ገዢው አፉን ከፍቶ ያያል፤ ዋጋ ይጠይቃል። እስቲ በሞቴ፣ ከመካከላችን ቤቱ ተቀምጦ በቀቀን ሲያይ የሚያመሽ ማን ነው?

እኛ የምናየው የታወቀ ነው። የማታ ዜና፣ ተከታታይ ድራማ፣ ቅዳሜና እሁድ ኳስ። ዜናው ላይ ደግሞ ስብሰባ አለ። ስብሰባ 4ኬ በሚሉት በጣም ጥርት ባለ ስክሪን ሲታይ የሚጨምረው ነገር ቢኖር ከኋላ ረድፍ ማን እንዳንቀላፋ በስም መለየት መቻሉ ነው።

ድሮ ጥራት የሚባል ጭቅጭቅ አልነበረም። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቆይቶ፣ ቀለም ያየነው አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው። ያኔ የሚጠየቀው «ማን ቤት አለ?» ብቻ ነበር። የሰፈር ልጅ እግሩን ታጥቦ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሥዕሉ ቢንቀጠቀጥም ትንፍሽ አይልም፣ ካለ ወደ ውጭ ነው።

አሁን ግን ሁሉም አዋቂ ነው። አጎቴ ሊገዛ ሲነሣ «አንተ የተማርክ ነህ፣ አብረኸኝ ውጣ» አለኝ። ዋሽንግተን ያለው ልጁም በስልክ ተጨመረ። «አባዬ፣ ኢንቹን ተወው፣ ፓኔሉን፣ የስክሪኑን ዓይነት ጠይቅ። ደግሞ አትቸኩል፣ ብላክ ፍራይደይ፣ የቅናሹ ቀን ድረስ ጠብቅ» ይላል። ልጁ ከሄደ ቆይቷል፤ እዚህ አገር ዕቃ ሲጠብቁት ዋጋው እንደሚጨምር ረስቶታል።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን አበሩልን። በቀቀኑ በሦስቱም በረረ። አጎቴ ዓይኑን አጠበበ፣ ራቅ አለ፣ ቀረብ አለ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። በመጨረሻም ሁላችንም የምናደርገውን አደረገ፤ በጣም የሚያበራውን መረጠ። ሻጮች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ቴሌቪዥን መጀመሪያ ሲከፈት «ለቤት ነው ለሱቅ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለሱቅ ከተባለ ብርሃኑንም ቀለሙንም እስከ ጣሪያው ይለቀዋል። ቤት ሲገባ ደግሞ አጠገቡ ሌላ ቴሌቪዥን የለም፣ የሚያወዳድረው የለም። የዚያን ሁሉ ቀን ፍጥጫ ውጤት የሚያውቀው ሱቁ ብቻ ነው።

ሻጩ ወደ ውዱ ወሰደን። «ጋሼ፣ ይሄ ኦሌድ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች፣ ጥቁር ሲመጣ ራሷ ትጠፋለች። ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው።»

አጎቴ ዋጋውን ሰማና «ልጄ፣ ፍጹም ጥቁርማ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ በነጻ ይመጣል» አለው።

አጎቴ ወደ መረጠው 55 ኢንች ተመለስን። አጎቴ ሜትር ከኪሱ የማይለይ ሰው ነው። አወጣ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ዘረጋ፣ አነበበ። 122 ሳንቲ ሜትር። «ይሄ 48 ኢንች ነው። ሰባቱን የት አደረስከው?»

«ጋሼ፣ የሚለካው ከጥግ ጥግ ነው።»

«አንተ መሬት ስትገዛ ከጥግ ጥግ ትለካለህ?»

ሻጩ መልስ አልነበረውም። እኔም የተማርኩት ዝም አልኩ። ለነገሩ ዓለም ሁሉ የሚለካው ከጥግ ጥግ ነው፣ ግን የአጎቴን ጥያቄ ዓለም አልተጠየቀም። ተከራክረው ተከራክረው ዋጋ ተቀነሰ፣ ስታብላይዘር ተጨመረ፣ ዕቃው ተጫነ።

ከዚያ ዲሽ ሠሪው ጣሪያ ላይ ወጣ። ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ያልተጮኸ ጩኸት የለም፤ እሱው ተደገመ። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጣ! አይ፣ ሄደ!» መጨረሻ ላይ መጣና ቤተሰቡ በሙሉ ዝም ብሎ አየው። ዜና አንባቢው ብርቱካናማ ነው፤ የፊቱ ዳርቻ ደግሞ ይደበዝዛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160፣ ማለትም ወደ 8.3 ሚሊዮን ነጥብ አለው። በድሮው ጥራት የሚያሰራጭ ጣቢያ የሚልከው ግን 720 በ576 ነው፣ ወደ 415 ሺህ። አካፍሉት፦ ከ20 ነጥብ ጣቢያው የሚሰጠው አንዷን ነው፤ 19ኙን ቴሌቪዥኑ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» እያለ ራሱ ይሞላል። ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ወሬ ነው፤ አንዷ እውነት ናት፣ የቀረው የተናጋሪው ችሎታ ነው። ውድ ቴሌቪዥን ከርካሹ የሚለየውም አንዱ በዚህ ነው፤ ውዱ አሳምሮ ይዋሻል። ባለ 1920 በ1080 ጣቢያ ሲገኝ ደግሞ ከአራቱ አንዷ እውነት ትሆናለች፤ በሰፈራችን ደረጃ ይህ ታማኝነት ነው።

የብርቱካኑ ምክንያት ግን ቀላል ነበር። የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ሲከፍተው «ለሱቅ» ብሎታል። በየጥቂት ደቂቃው የቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ በራሱ በቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ይላል፤ ለገዛው ሰው «ግዛኝ» ይለዋል። ላስተካክለው ብል አጎቴ እጄን ያዘኝ። ማስታወቂያው ላይ 4ኬ የሚል ተጽፏል፣ እንግዳ ያንብበው ብሏል። ላስቲኩም አልተላጠም። ሚስቱ ደግሞ ሌላ ችግር ገጥሟታል፤ ቴሌቪዥኑ ስለቀጠነ ዳንቴሉ የሚያርፍበት ጠፋ። እጅ አልሰጠችም፣ ስክሪኑን በፊት ለፊት አጋረደችበት። አሁን የዜና ርእስ የሚነበበው በዳንቴሉ ቀዳዳ ነው።

እንግዳ መጣ፣ ቡና ተፈላ። ስለ ሥዕሉ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። «ስንት ኢንች ነው?» «በስንት ገዛችሁት?» ብቻ ነው። አጎቴ ለመጀመሪያው ኮራ ብሎ «55» ይላል፤ ለሁለተኛው እንደ እንግዳው ሁኔታ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ብድር ለሚጠይቅ ዘመድ ቴሌቪዥኑ ስጦታ ነው።

በሳምንቱ ከታች ፎቅ ያሉት 65 ኢንች አስገቡ። ሚስቱ ወሬውን ስትነግረው አጎቴ ወረቀት አምጪ አለ፣ አሰበ፣ ጻፈ፣ አሰመረበት።

«የነሱ በወርዱ ሲለካ 57 ነው» አለ። «የኛ ከጥግ ጥግ 55 ነው። ለሁለት ኢንች ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ጉራ?»