ይቺ ናት እንዴ ብራዚል?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ብራዚልን ሳይ ምን ነካኝ እላለሁ። ኳሷ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ጎን። ቢጫው ማልያ ባይኖር ማን እንደሆኑም አላውቅም ነበር!

እ.ኤ.አ. በ1970 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ፔሌ ኳሷን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ገፋ አደረጋት። ካርሎስ አልቤርቶ ከኋላ እየበረረ መጥቶ ለጋት። ጣልያን 4 ለ 1 ተሸኘች። የ1982ቱ እነ ዚኮ እንኳ በጣልያን 3 ለ 2 ተሸንፈው እስካሁን ስማቸው ይነሳል። በ1994 ግን 120 ደቂቃ ያለ ጎል፣ ከዚያ በመለያ ምት ዋንጫ። ዋንጫ ነው፣ አልክድም። ግን ማን ያወራለታል?

አሁንማ ልጆቹ ገና 18 ሲሞላቸው አውሮፓ ይገባሉ፤ እዚያ ድሪብል ሳይሆን ቦታ መጠበቅ ይማራሉ። ይባስ ብሎ በ2025 አሰልጣኝ አመጡ። የየት አገር ሰው? የጣልያን!