ውዳሴ ርግብ

በሰሜን ሸዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥዕል ውድድር በታወጀ ቁጥር አንዲት ነጭ ርግብ ትነሣለች። ከመሐል ሜዳም ከእነዋሪም ከዓለም ከተማም ትነሣለች፤ የትም ብትነሣ አፏ ላይ ያው የወይራ ቅጠል አለ። መሪ ቃሉ ስለ ሰላም ከሆነ ርግቧ አለች። ስለ ሙስና ከሆነም አለች። ችግኝ እንትከል ሲባልማ የያዘችውን ቅጠል ትንሽ ማርዘም ነው፤ ችግኝ ሆነ። የተመደበበትን ሁሉ እሺ ብሎ የሚሠራ እንዲህ ያለ ሠራተኛ በየቢሮው አንዳንድ እንኳ ቢኖረን «ነገ ተመለሱ» የሚባል ነገር ባልሰማን።

ስለዚህ በዚች ርግብ የሚያላግጡ ሰዎች ያናድዱኛል። «ልጆቹ ፈጠራ የላቸውም» ይላሉ። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ በኛ አገር ወይራ ተሸክሞ የሚታየው ማን ነው? ለጠላ ጋን ማጠኛ ከገበያ እስር ወይራ ገዝታ በብብቷ ሽጉጥ አድርጋ የምትመጣ እናት ናት። ርግብ ወይራ ስትሸከም ያየ ሰው ከኖኅ ወዲህ ካለ እጁን ያውጣ። ልጆቹ አንድም ቀን ያላዩትን ነው የሚስሉት። ፈጠራ ካልነው ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ርግቧ ደግሞ አጀብ አላት። ከኋላዋ ከሁለት ሾጣጣ ተራራ መሐል የምትወጣ ፀሐይ አለች፤ ጨረሯ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ከጣርማ በር ጉም ውስጥ፣ ሾፌር በቀትር መብራት አብርቶ በሚያልፍበት አገር፣ ፀሐይን በማስመሪያ ማውጣት ቀላል ሙያ አይደለም። ከሥር የተገለጠ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፉ ላይ አምፖል፣ ከአምፖሉ ጎን የተጨባበጡ እጆች። እጆቹን ቀረብ ብዬ ቆጥሬያለሁ፤ ብዙ ጊዜ አንደኛው ስድስት ጣት አለው። ስድስተኛዋን የጋራ ተጠቃሚነት ጣት ብለን ብንተረጉማት ከመሪ ቃሉ አንወጣም።

ሥዕል ከላይ በመጣ መሪ ቃል መሠራቱ ራሱ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእመቤታችን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበር ያዘዘ ንጉሥ ነው። ርእሱ የታወቀ፣ አዛዡም የማይቀለድበት። ያም ሆኖ በዘመኑ የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕሉ ላይ ስሙን ጽፎበታል። የኛዎቹ ከእሱ ይልቅ ትሑታን ናቸው፤ ከሥዕሉ ግርጌ የሚያኖሩት የትምህርት ቤቱን ክብ ማኅተም ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ በርግቧ ጭራ ላይ ያርፋል።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ አልልም። ደብዳቤው ከላይ ወርዶ ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ማስረከቢያው ነገ ነው። ወዲያው የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ልጅ ይፈለጋል፤ ፍሊፕ ቻርት የሚጽፍ ሁሉ ሥዕልም ይችላል የሚል ጽኑ እምነት ስላለን ነው። ልጁ ሲጨንቀው ታፔላ ሠሪ አጎቱ ጋ ይሮጣል። የአጎትዬው እጅ ወዲያው ይለያል፤ ርግቧ ከአውቶቡስ ተራው ምግብ ቤት ታፔላ ላይ ካለችው ዶሮ ጋር የሥጋ ዘመድ ናት። እንዲህ እየተባለ በ17 ዓመት ታዳጊዎች ውድድር የ45 ዓመት ጎልማሳ አንደኛ ሲወጣ «ወጣቱ ትውልድ ተስፋ ነው» ብለን እናጨበጭባለን።

አንድ ዳኝነት ላይ በተመልካችነት ተገኝቻለሁ። ከዳኞቹ አንደኛው የሒሳብ መምህር ነው፤ አንደኛዋ ከጽሕፈት ቤቱ የመጣች ባለሙያ፤ ሦስተኛው አበል ዝርዝሩ ላይ ስሙ ስለተገኘ የተገኘ። የርግቦቹን ረድፍ በፍቅር እያዩ ሲያልፉ አንድ ሥዕል ፊት ገተር አሉ። በእርሳስ የተሠራ ነው፤ ቀለም ያለው ጀሪካኖቹ ላይ ብቻ፣ ቢጫ። ቦኖ ደጅ ተራ ይዘው ተሰልፈዋል። አንዱ ክዳን የለውም፣ አፉ በፌስታል ተወትፏል። ከመጨረሻው ጀሪካን ቀጥሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። ልጁ ተጠራ።

«ና እስቲ የኔ ልጅ። ይህ ጀሪካን ምንን ይወክላል?»

«ጀሪካን ነው፣ ጋሼ።»

«እሱማ ይታያል። ድንጋዩስ?»

«እሱ እማማ ናቸው። ከቅዳሴ እስኪመለሱ ተራ አስይዘው ነው።»

ባለሙያዋ ልትስቅ ስትል የሒሳብ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሷም ወደ መዝገቧ አቀረቀረች። «መልእክቱ አልወጣም» አለ መምህሩ፣ የምር አዝኖ። «ልፋት አለው፣ ግን ተስፋ ይጎድለዋል። እዚህ ከላይ፣ ባዶው ላይ፣ አንዲት ርግብ ብትጨምርበት?»

ልጁ ባዶውን ቦታ ቆም ብሎ አየው። «ርግብ እዚያ አትመጣም፣ ጋሼ። ውሃ የለም።»

የተሳትፎ ሰርተፍኬት ሰጡት። ልክ ናቸው። መሪ ቃሉ ስለ ልማት ነበር፤ ቦኖ ደግሞ ልማት ነው፤ ልጁ ግን ቦኖውን ሣለና ቧንቧው ላይ ጠብታ ነሣው። ያን ዕለት አንደኛ የወጣው ሥዕል ላይ ውሃው ከተራራው እስከ ክፈፉ ይንዶለዶላል። ውሃ ከተጠማችሁ እሱን ተመልከቱ።

በሽልማቱ ቀን የክብር እንግዳው በጥቂቱ ዘግይተው፣ በብዙው ተናገሩ። ንግግሩ እንደ ልማዱ አንኮበር ደረሰ። «እናንተ የአፈወርቅ ተክሌ ልጆች ናችሁ!» አሉ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው፤ እኔም አጨበጨብኩ። በ1925 አንኮበር የተወለደው ሠዓሊ እኮ ዛሬ ለኛ ዳኞች ቢቀርብ መጀመሪያ ነጥብ የሚቀነስበት እሱ ነው። ወደ እንግሊዝ የሄደው የማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር፤ ተመልሶ የመጣው ሠዓሊ ሆኖ ነው። ከተሰጠው ርእስ መውጣት ይሏል ይኼ ነው! አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠራው ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ከኛ አዳራሽ ባነር ጋር እኩል ይሆናል ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ባነሩ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። የአዘጋጆቹና የአጋሮቹ ዓርማ ተደርድሮ፣ መሪ ቃሉ በሁለት መስመር ተጽፎ፣ ከመድረኩ ጥግ እስከ ጥግ ተወጥሯል። ሥዕሎቹ ከሥሩ ወንበር ላይ ተደግፈው ነበር፤ እንግዶቹ መቀመጫ ሲያጥራቸው ወንበሮቹ ተፈለጉና ሥዕሎቹ መሬት ወረዱ። ቆሎና የታሸገ ውሃ ታደለ። ከአንድ ሥዕል ዋጋ የበለጠው ባነር በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ወደ መኪና ገባ። ሥዕሎቹ ንብረት ክፍል ገቡ።

የኪነ ጥበብ ሥራ በመጋዘን ይበሰብሳል የሚሉ አሉ፤ ሐሜት ነው። ከወራት በኋላ እዚያው ግቢ ለሥልጠና ስገባ አንዱን ሥዕል በሥራ ላይ አገኘሁት። ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ጀርባው ላይ በማርከር «ሽንት ቤት በስተቀኝ» ተብሎ ቀስት ተሠርቶበታል። ጠጋ ብዬ በጠርዙ አጮለቅኩ። አንደኛ የወጣው ነው። በሕይወቴ እንዲህ መልእክቱ ጥርት ብሎ የወጣለት ሥዕል አላየሁም፤ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያነበዋል፣ ተረድቶትም ይሄዳል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ይሮጣል።

ለመጪው ዙር መወዳደር የምትፈልጉ ልጆች፣ ከትምህርት ቤታችሁ የድጋፍ ደብዳቤና ሁለት ጉርድ ፎቶ አዘጋጁ። ነጭ ቀለም ቶሎ ያልቃል፣ አስቀድማችሁ ግዙ። ለማኅተም የሚሆን ቦታ ከጭራዋ በስተግራ ተዉ። መሪ ቃሉ ገና ከላይ አልወረደም፤ ሥዕሉን ግን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።