ትሪ ይዛ በር ላይ የቆመችው ልጅ

ባለፈው እሑድ ዩቲዩብ ላይ አንድ አማርኛ ፊልም አየሁ። ቦሌ የሚኖር የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ ሁለት መኪና፣ በውርስ የሚጣሉ ልጆች። የእኔን ዓይን የያዘችው ግን የቤት ሠራተኛዋ ናት። ሦስት ጊዜ ትሪ ይዛ ትገባለች። ሁለቱን ጊዜ ካሜራው ከአንገቷ በላይ አያሳያትም፤ የምናየው ሲኒ የሚደረድሩ እጆቿን ብቻ ነው። በሦስተኛው ፊቷን አየን፤ ያም ለማሳቅ ነው። የቤቱን ትልቅ ልጅ «አንቺ» አለችው፣ ሁሉም ሳቀ፣ ፊልሙ ቀጠለ።

አብረውኝ የሚያዩትም ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ሜሪላንድ ውስጥ አዛውንት በመንከባከብ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የምሠራባቸው ቤቶች የፊልሙን ቪላ የሚያስንቁ ናቸው። የአንዷ አሮጊት ልጅ በደወለ ቁጥር «ሌላ ሰው የለም?» ይለኝ ነበር። የእናቱን መድኃኒት ስንት ሰዓት እንደሰጠኋት አንድም ሳላዛንፍ እየነገርኩት፣ እሱ የሚሰማው አነጋገሬን ነበር። ስሜንም ረዘመብን ብለው አሳጠሩት።

ስለዚህ ያቺን «አንቺ» ደጋግሜ አሰብኳት። በኦሮምኛም ሆነ በወላይትኛ ለወንድም ለሴትም የሚባለው አንድ ቃል ነው። ልጅቷ አማርኛ የምትናገረው በአፍ መፍቻዋ ሥርዓት ነው። እመቤቲቱ በየመሐሉ የምትሰካው እንግሊዝኛ እኮ እሱም «you» ሲል ወንድና ሴት አይለይም! ግን የእመቤቲቱ መቀላቀል የመማር ምልክት ሆኖ ተሣለ፣ የሠራተኛዋ ደግሞ የአላዋቂነት። በዚያ ቤት ሁለት የአገራችንን ቋንቋ የምታውቀው እሷ ብቻ ሆና ሳለ።

ይሄ የአንድ ፊልም ጥፋት ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ዘበኛው፣ ሊስትሮው፣ ሠራተኛዋ ሲሆኑ የሚያስቅ አነጋገር ይሰጣቸዋል፤ ሐኪሙ፣ ጠበቃውና ሙሽራዋ «ጥርት ያለ» አማርኛ ያወራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የገጠሩን ወይም የደቡቡን ቃና ይዞ የሚያክም ሐኪም፣ የሚፈርድ ዳኛ ስንት አለ? ፊልሞቻችን ውስጥ አይገቡም።

እዚህ አሜሪካም የሆነ ነው። ነቢይ መኮንን ደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመውን የአሜሪካ ልብ ወለድ፣ «Gone with the Wind»ን፣ ብዙዎቻችን አንብበናል። ከመጽሐፉ ተሠርቶ በ1939 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም የሀብታሞቹን ሞግዚት ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል ነበረች። ገጸ ባሕርይዋ «ማሚ» ከመባል ሌላ ስም የላትም። ተዋናይቷ በ1940 ኦስካር ስትሸለም የመጀመሪያዋ ጥቁር ተሸላሚ ሆነች፤ በዚያው ምሽት ግን ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበር ያስቀመጧት።

በሌላ መንገድ የሄደ ፊልምም አይቻለሁ። የሜክሲኮው አልፎንሶ ኩዋሮን በ2018 እ.ኤ.አ. የሠራው «ሮማ» የተነሣው እሱን ካሳደገችው ሞግዚት ሕይወት ነው። የደህና ቤተሰብ ሠራተኛ የሆነችው ክሊዮ ከጓደኛዋ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ የምታወራው በራሷ ቋንቋ፣ በሚክስቴክ ነው። ማንም አይስቅባትም፤ ተመልካቹ ነው የግርጌ ጽሑፍ እያነበበ የሚከተላት። ቀልዱም፣ ሐሜቱም፣ ፍርሃቱም የእሷ ነው። እንዲህ ያለ ወጥ ቤት በአማርኛ ፊልም ባይ ምን ያህል ደስ ባለኝ።

የእኛ ሕግም ከካሜራው ብዙ አይሻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ አውጥቶ፣ የሥራ ሁኔታቸውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ብሎ አልፏቸዋል።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ልጅ ሳለሁ ቤታችን የነበረችው ትዝ አለችኝ። ስሟ ከበደኝ ብላ እናቴ ሌላ ስም አውጥታላት ነበር፤ ሁላችንም በዚያው ጠራናት። ማታ ማታ ዕቃ ስታጥብ በወላይትኛ ታንጎራጉራለች። ዜማው እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።