ሠራተኛው የት ነው የሚያድረው? በማዕድን ከተማ ቤት ለመግዛት ላሰባችሁ

ሆፕታውን በምዕራብ አውስትራሊያ ደቡባዊ ጠረፍ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ቢኤችፒ ቢሊተን የተባለው የማዕድን ኩባንያ ከዚህች ከተማ ብዙም በማይርቀው ራቨንስቶርፕ ላይ ግዙፍ የኒኬል ማውጫ ገነባ። ከ2 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አፈሰሰበት። ማውጫው በሜይ 2008 ተመረቀ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰዎች ከሩቅ ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ። ተበድረው ቤት ገዙ፣ ሠሩ። ኩባንያው በጃንዋሪ 2009 ማውጫውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከምርቃቱ ስምንት ወር ቢሆነው ነው። 1,800 ያህል ሰው ሥራ አጣ።

ምክንያቱ ምን ነበር? አንድ ቶን ኒኬል በ2007 ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በ2008 መጨረሻ ወደ 10 ሺህ ወረደ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቤቶቹ ምንም አልጎደላቸውም። ባሕሩም እዚያው ነው። የከተማዋን ዕጣ የወሰነው የገበያ ዋጋ ግን ከከተማዋ ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ሰዎች፣ በሌላ አህጉር ነው የተቆረጠው።

ማውጫውን ሌላ ኩባንያ ገዝቶ በ2011 እንደገና ከፈተው። በ2017 ቆመ። በ2020 ተከፈተ። በ2024 ደግሞ ቆመ። በአሥራ ስድስት ዓመት ሦስት ጊዜ ተዘጋ ማለት ነው። የቤት ብድር ግን 25 እና 30 ዓመት ነው የሚከፈለው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ሰው ለማስፈራራት አይደለም። በማዕድን ከተማ ቤት ገዝቶ ማከራየት ጥሩ ገንዘብ ያመጣል የሚለው ወሬ በየጊዜው ስለሚነሳና ብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ይዞ ስለሚገባበት ነው። ወሬው ውሸት ነው አልልም። ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ ያለው ያልተነገረው ግማሽ ላይ ነው።

እስቲ ቁጥሩን በእጃችን እንያዘው። ሞራንባህ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛት ያለች የድንጋይ ከሰል ከተማ ናት። በ2012 አካባቢ፣ ገበያው ጣሪያ በነካበት ጊዜ፣ የቤት መካከለኛ ዋጋ ከ700 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር አልፎ ነበር። በአራት ዓመት ገደማ ከ200 ሺህ በታች ወረደ። አሁን አንድ ገዢ እናስብ። ቤቱን በ700 ሺህ ገዛ። 140 ሺህ ከኪሱ አወጣ። 560 ሺህ ከባንክ ተበደረ። ወለዱ 6 በመቶ ነው እንበል። በዓመት 33,600 ዶላር ለወለድ ብቻ ይከፍላል። ኪራዩ በሳምንት 1,800 ከሆነ በዓመት 93,600 ያገኛል። ከቤቱ ዋጋ ከ13 በመቶ በላይ ነው። ዓይን ያጥበረብራል። ደላላው ይህንን ቁጥር ነው የሚያሳየው።

ከዚያ የከሰል ዋጋ ይወርዳል። ኩባንያው ሰው ይቀንሳል። ኪራዩ በሳምንት ወደ 350 ይወርዳል፣ ያውም ተከራይ ከተገኘ። በዓመት 18,200 ነው። ወለዱ ግን ያው 33,600 ነው። ልዩነቱ ከሰውየው ደመወዝ ይወጣል። ቤቱን ልሽጥ ቢል 200 ሺህ ነው የሚያወጣው። ዕዳው 560 ሺህ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ቁልፉን ለባንክ አስረክቦ መገላገል የለም። ከሽያጩ የተረፈው ዕዳ ሰውየውን ይከተለዋል። ይህ ሰው ስግብግብ አልነበረም። ለጡረታዬ ብሎ የገዛ አስተማሪ ወይም መካኒክ ሊሆን ይችላል። ይህ ነገር አንጀቴን የሚበላኝም ለዚህ ነው።

ለምን እንዲህ በአንዴ ወጥቶ በአንዴ ይወድቃል? ከተማው ትንሽ ስለሆነ ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ አምስት መቶ ሠራተኛ ቢመጣ ማንም ልብ አይልም። ጥቂት ሺህ ሕዝብ ባለበት ከተማ ግን ያ ሰው ያለውን ባዶ ቤት ሁሉ በሳምንታት ይጨርሰዋል። አዲስ ቤት ለመሥራት መሬት ማዘጋጀት፣ ውሃና መብራት ማስገባት አለ። ይህ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ኪራዩ ይተኮሳል። አዲሶቹ ቤቶች ተሠርተው የሚያልቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰዉ መሄድ በሚጀምርበት ሰዓት ነው።

ለመሆኑ የሚሄደው የትኛው ሰው ነው? ይህንን የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። ማውጫ ሲገነባ ሺዎች ይመጣሉ፤ በያጅ፣ ግንበኛ፣ የክሬን ኦፕሬተር፣ መሐንዲስ። ግንባታው ሲያልቅ ማውጫውን ለማንቀሳቀስ የሚቀረው ከነዚያ ትንሹ ክፍል ነው። ማለትም ማውጫው ተሳክቶለት፣ ሥራ ጀምሮ፣ ምርቱን በመርከብ እየጫነ እንኳ የቤት ኪራይ ሊወድቅ ይችላል። ምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ፖርት ሄድላንድ የብረት ማዕድን የሚላክባት ወደብ ናት። በደጉ ዘመን የቤት መካከለኛ ዋጋ ከ1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነበር። ኪራይ በሳምንት ከ2 ሺህ ያለፈበት ጊዜም ነበር። በ2011 አንድ ቶን ብረት ማዕድን ወደ 190 የአሜሪካ ዶላር ደርሶ ነበር፣ በ2015 መጨረሻ ከ40 በታች ወረደ። የማስፋፊያ ግንባታዎቹም አለቁ። ከወደቡ የሚወጣው ማዕድን አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨመረ። የቤት ዋጋ ግን ወደ ሩብ ወረደ። የመርከብ ብዛት አይቶ ቤት የገዛ ሰው ያየው ነገር እውነት ነበር፣ ያሰላው ግን ተሳሳተ።

ሌላም አለ። ማውጫው ውስጥ የሚሠራው ሰው ከተማው ውስጥ ላይኖር ይችላል። ብዙ ኩባንያዎች ሠራተኛውን ከትልልቅ ከተሞች በአውሮፕላን አምጥተው ካምፕ ውስጥ ያሳድሩታል። ለምሳሌ ሁለት ሳምንት በቀን 12 ሰዓት ሠርቶ አንድ ሳምንት ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ካምፑ አልጋ አለው፣ ምግብ አለው፣ ልብስ ማጠቢያ አለው። ለዚያ ሠራተኛ የእናንተ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ምኑም አይደለም። ኩባንያው አንድ ካምፕ ለማስፋት ፈቃድ ካገኘ ደግሞ በአንድ ውሳኔ መቶ ተከራይ ከገበያው ይወጣል።

ማሽኑም እየተካ ነው። ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ የፒልባራን ማውጫዎች ሥራ የሚከታተልበትን ማዕከል ከ2010 ጀምሮ በግዛቱ ዋና ከተማ ፐርዝ ላይ አድርጎታል፤ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ። በ2018 ደግሞ ማዕድን የሚጭኑ ባቡሮቹን ያለ ሾፌር ማስኬድ ጀምሯል። ሾፌር የሌለው ባቡር ቤት አይከራይም። ኩዊንስላንድ ነገሩ ስላሳሰባት በ2017 ሕግ አውጥታለች። በአቅራቢያው ከተማ እያለ ትልቅ ማውጫ ሠራተኛውን በሙሉ በአውሮፕላን እያመላለሰ እንዳይሠራ ትከለክላለች። ጥሩ ሕግ ነው። ግን እናንተ ልትገዙ ያሰባችሁበት ቦታ እንዲህ ዓይነት ሕግ አለ ወይ ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ባንኩን ስሙት። ሌላ ቦታ በ10 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ የሚያበድር ባንክ ለማዕድን ከተማ 30 በመቶ ሊጠይቅ ይችላል። ገዢዎች በዚህ ሲበሳጩ አያለሁ። እኔ ግን ከደላላው ወረቀት ሁሉ ይበልጥ እውነተኛ መረጃ እሱ ነው እላለሁ። ገንዘቡን አደጋ ላይ የሚጥለው አካል ስለ ከተማው የሚያስበውን እየነገራችሁ ነው። ትልቁ የኪራይ ገቢም ስጦታ አይደለም። የአደጋው ዋጋ ነው።

በነገራችን ላይ ኪራይ ሲተኮስ ደስ የሚለው አከራዩን ብቻ ነው። ነርሷ፣ አስተማሪው፣ ዳቦ ጋጋሪው የማዕድን ደመወዝ የላቸውም። ኪራዩን መክፈል ሲያቅታቸው ከተማውን ለቀው ይሄዳሉ። እነሱ ሲሄዱ ክሊኒኩ ሰው ያጣል፣ ክፍሎች ይዘጋሉ፣ ቤተሰብ ያለው የማውጫ ሠራተኛም መኖር አይፈልግም። ዛሬ ተከራይን የሚያራቁት ኪራይ ነገ ተከራይ የሚያሳጣ ነው።

ታዲያ ጭራሽ አይገዛ ነው? አይደለም። በምዕራብ አውስትራሊያ ያለችው ካልጉርሊ ወርቅ የተገኘባት በ1893 ነው፣ እስከ ዛሬ ይወጣል። በዙሪያዋ ብዙ ማውጫዎች አሉ። ሆስፒታል፣ ባቡር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አላት። አንድ ማውጫ ቢዘጋ ከተማዋ አትዘጋም። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ኤሊየት ሌክ አለች። የዩራኒየም ከተማ ነበረች፣ የመጨረሻው ማውጫዋ በ1996 ተዘጋ። ማውጫዎቿ ሲዘጉ ባዶ የቀሩትን ቤቶች በርካሽ ለጡረተኞች ማከራየት ተያዘ። ጸጥታና ሐይቅ የሚፈልግ ሰው መጣ። ከተማዋ ተረፈች። ሞራንባህና ፖርት ሄድላንድም በኋላ አንሰራርተዋል። ዋጋው መሬት በነካ ጊዜ የገዛ ሰው አትርፏል። በጣሪያው የገዛው ግን ከአሥር ዓመት በኋላም የከፈለውን አላገኘም። ሲሉ ሰምቶ የገባው እሱ ነው።

እኔን ወዳጄ ቢጠይቀኝ እንዲህ ነው የምለው። የዛሬውን ኪራይ ተወው። በግማሹ፣ ከዚያም በሩቡ አስላ። ስድስት ወር ባዶ ቢቀመጥስ ብለህ ጨምርበት። ያንን ከደመወዝህ መሸፈን ካልቻልክ አትግዛ። ከቻልክ ተነስና ሂድ፣ በፎቶ አትግዛ። ሁለት ሌሊት እደር። የፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት ላይ፣ ሲመሻሽ፣ ከማውጫው በሚወጣው መንገድ ዳር ቁም። ሠራተኛ የጫኑት አውቶቡሶች ሲመጡ መታጠፊያው ላይ ወዴት እንደሚዞሩ ተመልከት፤ ወደ ካምፑ ነው ወይስ ወደ መንደሩ? ወደ መንደሩ ከዞሩ ተከተላቸው፣ የስንቱ ቤት መብራት እንደሚበራ ቁጠር። በሚቀጥለው ጠዋት ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ አዲስ የካምፕ ፈቃድ የጠየቀ ኩባንያ እንዳለ ጠይቅ።