ንድፈ ሐሳቡ ምን አሳየን?

የሥራ አመራር ተማሪ የድርጅት ንድፈ ሐሳብ ኮርሱን ሲጨርስ የዘርፉን ቀደምት አሳቢዎች፣ ዌበርን ከቴይለር፣ ቴይለርን ከማዮ ለይቶ ማስረዳት አያቅተውም። አንድ እውነተኛ ጉዳይ ቀርቦለት «ተንትን» ሲባል ግን መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል። ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ከወረደ «ቢሮክራሲ»፣ ሠራተኛው ካኮረፈ «የሰብዓዊ ግንኙነት ጉድለት» ብሎ ስም ይለጥፋል። ያ ስም ቢፋቅ ከጽሑፉ የሚጎድል ነገር የለም። የአሳይመንቱ ጥያቄ አንድ ቢሆን እመርጣለሁ፦ ይህን ንድፈ ሐሳብ ባታውቅ ኖሮ ከጉዳዩ ውስጥ ምኑን ሳታየው ታልፍ ነበር?

ለዚህ ከቻሌንጀር አደጋ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፤ የተሳፈሩት ሰባት ሰዎች በሙሉ ሞቱ። መነሻው የአንደኛው ሮኬት መጋጠሚያ ማሸጊያ የሆነው የጎማ ቀለበት ነበር። በብርዱ ደርቆ ክፍተቱን መድፈን አቃተው። የድርጅት ተማሪ ማጥናት ያለበት ግን ዋዜማውን ነው። የሮኬቱ አምራች የሞርተን ታዮኮል መሐንዲሶች በስልክ ስብሰባ ላይ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በረራ እንዳይኖር መከሩ። የናሳ ኃላፊዎች ሞገቷቸው። የኩባንያው ሰዎች ለብቻችን እንምከር ብለው ከመስመር ወጡ፤ በዚያ መሐል አንድ ከፍተኛ ኃላፊ የምህንድስናውን አለቃ «የመሐንዲስ ባርኔጣህን አውልቅና የሥራ አስኪያጅ ባርኔጣህን ድፋ» አሏቸው። ሲመለሱ ምክሩ ተገልብጦ «ትነሣ» ሆነ።

ይህን ያነበበ ሁሉ ወዲያው የሚደርስበት ድምዳሜ አለ፦ ኃላፊዎቹ መርሐ ግብሩ አስጨንቋቸው፣ እያወቁ ደንብ ጣሱ። ሶሺዮሎጂስቷ ዳያን ቮን መዛግብቱን ለዓመታት መርምረው በ1996 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ኃላፊዎቹ የተሳሳቱት ደንቡን ተከትለው ነው። የቀለበቱ ጉዳት ከ1981 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ጉዳቱ በታየ ቁጥር መሐንዲሶቹ ራሳቸው መረመሩ፣ አሰሉ፣ «ልንቀበለው የምንችለው አደጋ ነው» ብለው ፈረሙ፤ ቀጣዩ በረራ በሰላም ሲመለስ ፊርማው ትክክል መሰለ። እንዲህ እያለ ጉድለቱ ተለመደ። ጉድለት በድርጅት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለመዳል የሚለው ንድፈ ሐሳብ የተመራማሪዋን ዓይን ከአንድ ምሽት አንሥቶ ወደ ዓመታት ፎርሞችና ቃለ ጉባኤዎች ወሰደው። «ትንተና» የምለው ይህን ነው።

ሁለቱ ማብራሪያዎች ለነገውም የሚሉት ይለያያል። ጥፋቱ የጥቂት ሰዎች ከነበረ እነሱ ሲነሡ ነገሩ ማብቃት አለበት። ከአደጋው በኋላ ኃላፊዎች ተቀየሩ፣ መጋጠሚያው እንደ አዲስ ተሠራ። ሆኖም ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ሌላዋ የናሳ መንኮራኩር ኮሎምቢያ ወደ ምድር ስትመለስ ሌሎች ሰባት ሰዎች ይዛ ተበታተነች። ስትነሣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ የተገነጠለ የሽፋን ፎም ግራ ክንፏን መትቶ ነበር። ፎም መገንጠሉ በቀደሙት በረራዎች ደጋግሞ የታየ፣ ማንንም የማያስደነግጥ ነገር ሆኖ ነበር፤ መሐንዲሶች ክንፉ ፎቶ እንዲነሣ ያቀረቡት ጥያቄም ሰሚ አላገኘም። መርማሪ ቦርዱ የተቋሙ ባህል ከፎሙ ያላነሰ ምክንያት መሆኑን በግልጽ ጻፈ።

ቮንን የወደደ ተማሪ ደግሞ ሁሉን በልማድ አሳብቦ ተጠያቂ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ አለበት። የመርሐ ግብሩ ጫና እውነት ነበር፤ ያቺ የባርኔጣ ቃልም ከአንድ ሰው አፍ ነው የወጣችው። ስለዚህ በዚያው ጉዳይ ላይ ሌላ ንድፈ ሐሳብ ማምጣት ይበጃል። ኸርበርት ሳይመን የሰው ውሳኔ በፊቱ ባለው መረጃና በማሰብ አቅሙ የተገደበ መሆኑን አስተምረዋል። እሳቸውን ይዞ ወደዚያ ስብሰባ የገባ ተማሪ «ጠረጴዛው ላይ ያልቀረበው የቱ ነው?» ይላል። ሙቀትና ጉዳት ሲነጻጸሩ የታዩት ጉዳት የደረሰባቸው በረራዎች ብቻ ነበሩ። የቻሌንጀርን አደጋ ያጣራው ኮሚሽን ሁሉንም በረራዎች አንድ ላይ ሲያያቸው ከ19 ዲግሪ ገደማ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በሦስቱ ነው፤ በ17 ዲግሪና ከዚያ በታች ከተደረጉት አራቱ ግን በአራቱም።

በአንድ ሴሚስተር አሥር ጉዳይ ከማሯሯጥ ይልቅ መምህራን አንዱን መርጠው፣ ሙሉ መዝገቡን ለተማሪው ሰጥተው፣ ሁለት ሦስት ንድፈ ሐሳቦችን እያፈራረቁ ሳምንታት ቢቆዩበት እላለሁ። ተማሪውም ከመጻፉ በፊት የመረጠው ንድፈ ሐሳብ ስህተት ቢሆን በመዝገቡ ውስጥ ምን ማግኘት እንደነበረበት ጽፎ ያስረክብ። ውጤት ሲሰጥም ለዚያች ገጽ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ነጥብ ይሰጣት።