«ባዶ ሰልባትዮ አይፈነዳም» ላልከው

ወንድሜ፣ «ቤንዚኑን ካፈሰስክ ሰልባትዮው (የመኪናው ነዳጅ መያዣ) ባዶ ነው፣ ግቢህ ውስጥ በውሃና በኦሞ አጥበህ ቀዳዳውን በብየዳ ድፈነው» ያልከው ስህተት ነው። ብዙ ሰው ያምነዋል፣ ግን ሰው ይገድላል።

የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። አየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ያህል የቤንዚን ትነት ካለ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። እስከ አፉ የሞላ ሰልባትዮ ውስጥ አየር የለም ማለት ይቻላል፣ «ባዶው» ግን አየሩንም ትነቱንም አቀላቅሎ ይጠብቅሃል። የደሴ ብርድ ያድነኛል እንዳትል፣ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። ደግሞ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተጉዞ ቡና የሚፈላበት ከሰል ጋ ይደርሳል፤ እኛ ግቢ ደግሞ መቼ ነው ከሰል የሚጠፋው?

ኦሞውስ? የሚታየውን ያጥባል። ዝገቱና መገጣጠሚያው ውስጥ የተደበቀው ቤንዚን ግን ብየዳው ሲያሞቀው ይወጣል። ናፍጣም ቢሆን በብየዳ ሙቀት ይተናል። ሌላው ጣጣ ከእጥበቱ የሚቀረው ውሃ ነው፤ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ፖምፓው የሚስበውም ከታች ነው።

ከኮምቦልቻ ተነስተህ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ መኪናው የሚያስለው ከሆነ መጀመሪያ የነዳጅ ፊልትሮውን ቀይር። ሰልባትዮው የምር ከቆሸሸ ባለሙያ ያውርደው። እጣቢውን ደግሞ ቦይ ውስጥ እንዳትደፋ፣ ቦርከና ወንዝ ነው የሚገባው።